ጋሽ አስማማውና እንፋሎት የመሰለኝ ነገር

ጋሽ አስማማው ማረፋቸውን የሰማሁት ከቅዳሴ ስወጣ ነው። ደጀ ሰላሙ ላይ ጎረቤቴ የሻረግ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች።

«ማን ነው ደግሞ?» አልኳት።

«ጋሽ አስማማው፣ ነርሱ። ዛሬ ጠዋት አረፉ።»

ሌላ አልጠየቅኳትም። ወደ ኋላ ተመልሼ ሰገድኩ። እግዚአብሔርን ለምን ወሰድካቸው አላልኩትም፤ ስለሰጠኸን ብዬ አመሰገንኩት። ከዚያ ለልጄ ለውዴ ደወልኩላት።

«እማ፣ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ይሆን?» አለችኝ።

«አላውቅም ልጄ» አልኳት።

ይህን የምጽፈው ስለ እሳቸው ነው። ስለ ራሴና ስለ ውዴ የምናገረው እሳቸውን ለማሳየት የግድ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው። ውዴም ጻፊው ብላኛለች።

ጋሽ አስማማው ረጅም፣ ከሲታ፣ ትከሻቸው ወደ ፊት የታጠፈ ሰው ነበሩ። ደብረ ታቦር ውስጥ፣ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በነርስነት አገልግለው ከዚያው ጡረታ ወጡ። ወጣት ሳሉ ሲጋራ ያጨሱ ነበር። ከተዉት ብዙ ዘመን ቢያልፍም ሣንባቸው እንደ ድሮው አልሆነላቸውም። ስለዚህ ሲናገሩ ድንገት ያቆሙና ሌባ ጣታቸውን ያነሣሉ። ትንፋሼ እስኪመጣ ጠብቁኝ ማለታቸው ነው። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። በሽተኛውም፣ በሽተኛ ያመጣውም፣ በር ላይ በወረፋ የሚጨቃጨቀውም ዝም ይላል። ትንፋሻቸው ሲመለስ ካቆሙባት ቃል ይቀጥላሉ። የተናገሩትን አይደግሙም። ትንፋሽ ስለሚያንሳቸው ይሆናል፣ ትርፍ ነገር አይናገሩም ነበር። እኔም ብዙ ወሬ አልወድም። በዚህ ሳንግባባ አልቀረንም።

ያወቅኳቸው ውዴ ከቤሩት በተመለሰችበት ዓመት ነው። ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ፣ ከስታ፣ ፀጉሯን አሳጥራ፣ ግን በሕይወት መጣችልኝ። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር፤ ሳይመለሱ የቀሩ የሰው ልጆች አሉ። ሳምንት ሳይሞላ ልብሷን ላጥብ ሻንጣዋን ስከፍት ሲጋራ አገኘሁ።

በእኛ አገር ሴት ልጅ ሲጋራ ይዛ መታየቷ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ አልነግርም። ግን የፈራሁት ሐሜቱን ብቻ አልነበረም። ውዴ ከልጅነቷ ጀምሮ አስም አለባት። ብርድ በገባ ቁጥር ደረቷ እንደ ተቀደደ ወናፍ ሲያፏጭ እየሰማሁ ነው ያሳደግኳት። ያን ጊዜ የማውቀው መድኃኒት አንድ ነበር። የባሕር ዛፍ ቅጠል በድስት አፍልቼ፣ ጋቢ አልብሼ እንፋሎቱን አስታጥናታለሁ። ይቀልላት ነበር፤ ወይም የቀለላት ይመስለኝ ነበር።

ሲጋራውን ይዤ ፊቷ ቁጭ አልኩ። አልጮኽኩም። «ይህን ነገር ብትተይልኝ ለእመቤቴ ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ ተስያለሁ» አልኳት። አቀርቅራ «እሺ እማ» አለች።

ሁለት ወር ገደማ ሲሆን ልብሷ ትምባሆ ትምባሆ ማለቱን ተወ። በምትኩ አንድ ቀን እንጆሪ፣ አንድ ቀን ናና ይሸት ጀመር። ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳት። ከኪሷ እንደ ብዕር የቀጠነች፣ ጫፏ ላይ ትንሽ መብራት ያላት ዕቃ አውጥታ አሳየችኝ።

«ቬፕ ነው የሚባለው። ሲጋራውን የተውኩት በዚህ ነው።»

«ይኼም ይጨሳል?»

«አይጨስም። እሳት የለው፣ አመድ የለው። ውስጡ ያለው ውሃ ይሞቅና ይተናል። እንፋሎት ነው እማ።»

ሳበችና ተነፈሰች። ነጭ ጉም ከአፏ ወጣና ወዲያው ጠፋ። ናና ሸተተኝ። በዓይኔ የመጣብኝ ያ የባሕር ዛፍ ድስት ነበር።

«ደረትሽን ይከፍትልሻል?» አልኳት።

«ቀለል ይለኛል።»

«እንግዲያው ሳቢው ልጄ» አልኳት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜም አይደለም ያልኩት። ሳል ባሳለች ቁጥር «ያን ዕቃሽን ሳቢው እንጂ» እል ነበር።

በእመቤታችን በዓል ጃንጥላውን አስገባሁ። ዘርግቼው ወደ ፊት ስወጣ ሴቶቹ እልል አሉልኝ። ስለቱ ስለ ምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። ውዴ አጠገቤ ነበረች። ያን ቀን ፊቷን ማየት ነበረብኝ። እኔ የማየው ጃንጥላውን ነበር።

ከበዓሉ በኋላ ብርድ መቶኝ ጉንፋን ያዘኝ። ቅጠል ለቅሜ ማፍላት ሰነፍኩ። ውዴ ገበያ ወጥታለች፤ ዕቃዋ ትራሷ አጠገብ ተቀምጣለች። እሷ ስታደርግ እንዳየሁት ከንፈሬ ላይ አደረግኩና፣ ደረቴ ድረስ እንዲገባ ብዬ አምስት ጊዜ በረጅሙ ሳብኩ።

ቤቱ ዞረ። ልቤ መምታቱ ጆሮዬ ድረስ ተሰማኝ። አፌ ምራቅ ሞላ፣ አስመለሰኝ። የሻረግ ድምፄን ሰምታ ገባች፤ ባጃጅ ጠርታ ጤና ጣቢያ አደረሰችኝና በር ላይ ቀረች። ውስጥ የተቀበሉኝ ጋሽ አስማማው ነበሩ።

«ምን በሉ?» አሉኝ።

«ምንም አልበላሁ። ጉንፋን ይዞኝ እንፋሎት ታጠንኩ።»

«በምን ታጠኑ?»

«በልጄ ዕቃ።»

«ምን ዓይነት ዕቃ?»

ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬያት ነበር፤ ፈትቼ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩዋት። አሸተቷት።

«ስንት ጊዜ ሳቡ?»

«አምስት።»

«ወደ ውስጥ?»

«ታዲያ እንፋሎት ወደ ውጭ ይሳባል?»

ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁና ትንፋሽ አጠራቸው፤ ጣታቸውን አነሡ። እኔ እየዞረብኝ ጠበቅኳቸው።

«ወይዘሮ ጥሩ፣» አሉ ሲመለስላቸው ስሜን ከካርዴ አንብበው፣ «በዚህ ዕድሜዎ ማጨስ ጀመሩ ማለት ነው።»

«በስመ አብ! እኔ ሲጋራ በእጄም ነክቼ አላውቅ።»

«ሲጋራ ውስጥ ሰውን የሚይዘው ነገር ኒኮቲን ይባላል። እዚችም ውስጥ አለ። ያልለመደ ሰው ሲስበው እንዲህ ያደርገዋል። ይለፍልዎታል፤ እዚህ ጋደም ይበሉ።»

«እንግዲህ ይኼ ሲጋራ ነው?»

«አይደለም። እንፋሎትም አይደለም።» አልጋው አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «የማውቀውን ልንገርዎ። ሲጋራ ይነድዳል፤ ከዚያ እሳት ብዙ መርዝ ይወጣል። ይኼ አይነድድም። ስለዚህ ከዚያ መርዝ ብዙው የለበትም። የሚያጨስ ሰው ሲጋራውን ፈጽሞ ትቶ ወደዚህ ቢዞር ጉዳቱ ይቀንስለት ይሆናል። ሱሱ ግን አይለቀውም። ጉሙም ሣንባን ያስቆጣል። ልብንም ያስደነግጣል፤ ይኸው አሁን አዩት።» ጣታቸውን አነሡ። ጠበቅኩ። «የማላውቀውንም ልንገርዎ። ከሃያ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ምን እንደሚያመጣ አላውቅም። ነገሩ ገና አዲስ ነው፤ አውቃለሁ የሚልዎትን አይመኑ። እዚች ውስጥ ምን እንደተቀላቀለም አላውቅም። በአገራችን መሸጧ ክልክል ስለሆነ በሻንጣ ነው የምትገባው፤ ማን እንደሞላት ማን ያያል?»

አላውቅም የሚል የጤና ባለሙያ ያን ቀን መስማቴ ነበር። የማያውቁትን ስለነገሩኝ የሚያውቁትን አመንኳቸው።

«ጋሽ አስማማው፣» አልኩ፣ «ልጄ አስም አለባት። ሳቢው ያልኳት እኔ ነኝ። ይሻላታል ብዬ።»

ፈገግታው ከፊታቸው ጠፋ። አልተቆጡኝም። ዕቃዋን መልሰው እጄ ላይ አደረጓት።

«ይዘዋት ይምጡ። ሳይቆጧት ይዘዋት ይምጡ።»

የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄጄ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። «ባለማወቅ ነው» አሉኝ፤ ጥቂት ስግደት ሰጡኝ። ስግደቱ ቀላል ነበር። ለውዴ መንገሩ ነው የከበደኝ።

«እማ! አንቺ? ሳብሽው?» አለች።

«አምስቴ።»

ግድግዳ ተደግፋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከቤሩት ከመጣች እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። ወደ ነርሱ እንሂድ ስላት ግን ሳቋ ቆመ።

«ምን ላድርግ ብዬ? ሲጋራውን ትቻለሁ አይደል? ጃንጥላሽን አስገብተሽ የለ እንዴ?»

ሳልወስዳት ቀረሁ።

ወር ሳይሞላ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ልብስ ስታጥብ ደረቷ ተዘጋ። ሮጬ ስደርስ መናገር አትችልም። ከንፈሯ ጠቁሯል። በባጃጅ ስንሄድ ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ ይዤ የምጸልየው ጸሎት ጠፋኝ፤ ስሟን ብቻ እጠራ ነበር።

ጋሽ አስማማው መደርደሪያቸው ላይ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ያስቀምጣሉ። ታቹን በልኩ ቀድደው በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት የሚሰኩበት ነው። ለዚሁ የተሠራው ማስሳቢያ ሲጠፋ በዚያ ይሠራሉ፤ አጥበው፣ አድርቀው፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ነው የሚያስቀምጡት። አንዱን አንሥተው መድኃኒቱን ሰኩና የፕላስቲኩን አፍ አፏ ላይ አደረጉላት።

«ከእኔ ጋር ሳቢ» አሏት። «ቀስ። እኔም ትንፋሽ የለኝም። ያለንን እንካፈላለን።»

አብረዋት መተንፈስ ጀመሩ። እሳቸው በአፍንጫ፣ እሷ በፕላስቲኩ። የእሳቸውም ደረት ያፏጫል፣ የእሷም ያፏጫል። ከንፈሯ ቀለሙን እስኪመልስ ድረስ ዓይናቸውን ከዓይኗ አላነሡም።

ከዚያ በኋላ ነው የጠየቋት።

«ውዴ፣ ለማከም እውነቱ ያስፈልገኛል። እኔ ቄስም ፖሊስም አይደለሁም። ዛሬ ምን ሳብሽ?»

ውዴ አየችኝ። እሳቸውም እኔን ማየቷን አዩ።

«ወይዘሮ ጥሩ፣ እስቲ ውጭ ይጠብቁኝ።»

«እናቷ ነኝ እኮ።»

«ለዚያ ነው።»

ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ያልወለዳት ሰው ከልጄ ጋር በር ዘግቶ የሚያወራው፣ እኔ የማልሰማው ምንድን ነው ብዬ ተቆጣሁ። ከዚያ ቁጣዬ ወደ ፍርሃት ተለወጠ። ሲወጡ አጠገቤ ተቀመጡ። ውዴ ያለቻቸውን አንዲት ቃል አልነገሩኝም። የነገሩኝ የራሳቸውን ነው።

«ሲጋራ አጨስ በነበረ ጊዜ፣» አሉ፣ «አንድ ፋሲካ ላይ ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ቤት ሙሉ እንግዳ ጠርታ ‹አስማማው ሲጋራ ተወልኝ› አለች። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሳመኝ።» ጣታቸውን አነሡ። ኮሪደሩ ጸጥ አለ። «ፓኮው ካልሲዬ ውስጥ ነበር። እውነቱን ልነግራት አስቤ ነበር፤ ያመሰገነችኝ ቀን በሩ ተዘጋብኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ተደብቄ አጨስኩ። ከሁሉም የበለጠ የጎዳኝ ያ ሁለት ዓመት ነው። በሽተኛን ተው እያልኩ፣ ሚስቴን ቀና ብዬ ማየት እያቃተኝ።»

ተረዳኋቸው። ጃንጥላውን በዓይኔ አየሁት፤ እልልታውንም ሰማሁት። ምስጋናዬ ልጄን ውሸት ውስጥ እንደ ቆለፈባት ያን ጊዜ ገባኝ። ማመስገን ጥሩ ነው ብዬ ያደግኩ ሰው ነኝ። ምስጋና ሰው ሊጎዳ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

«ምን ላድርግ?» አልኳቸው።

«ስለቱ የእርስዎና የእመቤታችን ጉዳይ ነው። እሷን እንደማያስራት ይንገሯት። ከዚያ ዝም ይበሉ። ልብሷን አያሽትቱ፤ ቦርሳዋን አይክፈቱ።»

ቤት ስንገባ እንዳሉኝ ነገርኳት። «የሰጠሁት ስለት የእኔ ነው። አንቺን አያስርሽም። ብትተይም ባትተይም እመቤቴ አትቀየመኝም፤ እኔም አልቀየምሽም» አልኳት። መጨረሻውን ስናገር እውነት መሆኑን ገና አላወቅኩም ነበር።

ውዴ ወደ ጓዳ ገብታ ሁለት ነገር ይዛ መጣች፤ ቬፑንና አንድ ፓኮ ሲጋራ። ቬፑን ቤት ውስጥ፣ እኔ ባለሁበት ትስባለች። ሲጋራውን በምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ጓሮ ታጨሳለች። አንዱ ሌላውን አላስተዋትም፤ ቀድሞ በሁለት ሲጋራ መሃል ታርፍ የነበረውን ሰዓት ነው ቬፑ የሞላው። ሲጋራውን በርግጥ ትታው የነበረው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ልትነግረኝ ስትል ጃንጥላው ተገዝቶ አየችው።

እኔ ለምን ታጨሻለሽ ብዬ ብዙ ጊዜ ጠይቄያታለሁ። ጋሽ አስማማው እንደዚያ አልጠየቋትም። «የት ነበር የምታጨሺው?» ነው ያሏት። ለእሳቸው የመለሰችላቸውን ለእኔም ያን ዕለት ነገረችኝ። ቤሩት የሠራችበት ቤት አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወደ ውጭ መውጣት አልተፈቀደላትም። የቤቱ እመቤት በረንዳ ላይ ታጨስ ነበር። ውዴም አንድ ቀን ሲጋራ ስትጠይቃት ሰጠቻትና አብራ አቆመቻት። ሥራ ፈትቶ በረንዳ ላይ መቆም ያስቆጣል፤ ሲጋራ ይዞ መቆም ግን አያስቆጣም። ልጄ ሰማይ ለማየት ነው ማጨስ የጀመረችው።

ጋሽ አስማማው ይህን ሰምተው «እንግዲህ ደጅ ደጁን እናስለምድሻለን» አሏት። ከዚያ ጀምሮ በየሐሙሱ ከሥራ ሲወጡ ስፌት ቤቷ በር ላይ ይቆማሉ። ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ በእግር ይሄዳሉ። ሩቅ አይሄዱም፤ ሁለቱም አይችሉም። ዳገት ሲሆን ይቆማሉ። እሳቸው ጣታቸውን ሲያነሡ እሷ ትቆማለች፤ እሷ ደረቷን ስትይዝ እሳቸው ይቆማሉ። መንገደኛ ያያቸው ሰው አባትና ልጅ ይላቸዋል።

ሱሱን ለመተው የሚረዳ ማስቲካ እንዳለ፣ ግን እዚህ እንደማይገኝ ነገሯት። መጀመሪያ ሲጋራውን፣ ከዚያ ቬፑን ብለው አስያዟት። የጠዋቷን አንድ ሲጋራ ቀድሞ ማስቀረት፣ ከዚያ የምሳ ሰዓቷን። የአስሙን መድኃኒት በየቀኑ ሳታቋርጥ መውሰድ። አራት ጊዜ ወደ ማጨሱ ተመልሳ ወድቃለች። አንዴ ሁለት ወር ቆይታ ወደቀች። የወደቀች ሐሙስ እያፈረች ስትነግራቸው «እሺ፤ ነገርሽኝ። እንሂድ» ይሏትና መንገድ ይጀምራሉ። ሌላ ነገር ብለዋት አያውቁም። እኔ ቤት ሆኜ፣ አሁን ምን ብላቸው ይሆን እያልኩ እንጀራዬን አልበላም ነበር። ቦርሳዋን ግን አልከፈትኩም። ይህ ከስግደቱ ይከብዳል።

ጉድለት የሌለው ሰው አልነበሩም። ሲያናድዷቸው ሰው ፊት ይናገራሉ። አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ውስጥ ለወላጆችና ለተማሪዎች ስለ ትምባሆ ትምህርት ተሰጠ። የምታስተምረው ወጣት ባለሙያ ነበረች። «ቬፕ አንድ ጊዜ የሳበ ሰው ሣንባው ይፈነዳል» አለች። ከኋላ ተማሪዎች ተሳሳቁ። ጋሽ አስማማው ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ልጄ፣ አታጋኚ። ከእነዚህ መሃል የሳበ አለ። አልፈነዳም።» ጣታቸውን አነሡ፤ አዳራሹ ሙሉ ጠበቀ። «ነገ እውነቱን ብትነግሪው አያምንሽም።»

ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ።

«እናንተም አትሳቁ። የሚያጨስ ሰው ከባሰ ወደ ተሻለ ልሂድ ብሎ ቢይዘው ምክንያት አለው። አጭሳችሁ ለማታውቁት ግን ከምንም ወደ ሱስ መግባት ነው። ሱሱም ጭንቅላቱ ገና እያደገ ባለ ልጅ ላይ ይበረታል። እንጆሪውን የጨመሩት ለእኔ መሰላችሁ? እኔ ሽማግሌ ነኝ። እናንተን ብለው ነው።»

ያቺ ወጣት ዓይኗ እንባ ሞላ። ለብቻዋ ቢነግሯት ይሻል ነበር እላለሁ እስከ ዛሬ። እሳቸውም ሳያውቁት አልቀሩም፤ ሲያልቅ ያስተማረችባቸውን ሥዕሎች ራሳቸው ጠቅልለው ተሸክመውላት ወጡ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዳ የምታስተምረውን አብረው ሲያስተካክሉ እንደዋሉ ሰማሁ።

ለራሳቸውም ግትር ነበሩ። ባሕር ዳር ሄደው ይታዩ ብንላቸው «ሣንባዬን አውቀዋለሁ፤ አዲስ ነገር አይነግረኝም» ይሉናል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ዳገቱ ቀረ፤ ከዚያ ሜዳውም ቀረ። መጨረሻ ላይ ሐሙስ ሐሙስ ውዴ እሳቸው ቤት ሄዳ ደጃፍ ላይ አብራቸው ትቀመጥ ነበር። ውዴ ሲጋራውንም ቬፑንም ከተወች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ይህን ያህል ነው ብዬ የማውቀው እሷ ስለነገረችኝ ነው። ስትነግረኝም እልል አላልኩም። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ነገ ሌላ ብትነግሪኝም ያው ነኝ» አልኳት። አሁን እውነቴን ነበር።

ቀብሩ በዕለቱ ሆነ። ከቀብር መልስ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ገባን። በአንድ በኩል ወንዶቹ፣ በሌላ በኩል እኛ ሴቶቹ ነን። ሰው ያከሙትን፣ ያዳኑትን እያነሣ ያለቅሳል። ውዴ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች፤ ማቆም ግን አልቻለችም። የሻረግ ፊት ለፊታችን ተቀምጣ ታያታለች። የሻረግ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን የሰማችው ነገር እሷ ዘንድ አያድርም።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆነሻል? የሥጋ ዘመድ እንኳ እንዲህ አልሆነም» አለቻት።

ያን ጊዜ ጤና ጣቢያ እንዳደረገችው ወደ እኔ ትዞራለች ብዬ ጠበቅኩ። ወደ እኔ አላየችም።

«ሲጋራ አጨስ ነበር» አለች። «ቬፕም እስብ ነበር። አስም እያለብኝ። ጋሼ ናቸው ያስተዉኝ።»

አጠገባችን ካሉት ሴቶች አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ዓይናቸው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዓመታት ሙሉ ስፈራው የነበረ ቀን ይህ ነበር። እዚያው ተቀምጬ ፍርሃቱን ፈለግኩት፤ አጣሁት።

«ሳቢው ያልኳት እኔ ነኝ» አልኩ። «እንፋሎት መስሎኝ። እኔም ስቤዋለሁ።»

የሻረግ ከቦታዋ ተነሣች። ሊወራ ነው ብዬ ልቤን አዘጋጀሁ። መጥታ በእኔና በውዴ መሃል ተቀመጠች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የእኔዋ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ስትመጣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የምትሸት ዕቃ ይዛ ነው የመጣችው። ሽቶ ናት ብላኝ ነበር። ትላንት ስትስባት አየሁ።» እጇን ጭኗ ላይ አሸች። «ብጠይቃት ትጮህብኛለች። ምን ብዬ ልጀምራት?»

ውዴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«የእኔን ንገሪያት» አለቻት።